እዝን ይዘን የገባንበት የዝምታ ግቢ

በዚያ ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ። ባለቤቴ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። ጎረቤቴ፣ ድምፅዋ ለለቅሶ የተፈጠረ ነው የምትባለው። የንስሐ አባታችን። ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ ገበያ ጨርቅ ይዛ የመጣች ሙስሊም ወዳጄ፣ ንግዷን ጥላ። ሌማት የተሸከሙ የዕድራችን ሴቶች። በሩን የሚጠብቁት የባለቤቴ አጎት ልጅ። የግቢው ባለቤት። ምንጣፍ ላይ አቀርቅረው የተቀመጡት እንግዶቻቸው። በመጨረሻም ልጄ። ልጄን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኋት በምክንያት ነው፤ ከቤት ስንወጣ ከሕያዋን ጋር አልቆጠርኋትም ነበር።

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያየሁትን ግን እንዳየሁት መናገር እችላለሁ።

ቤታችን ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ጉብታ ሥር ነው። ያን ጊዜ ከወረዳ መሬት የወሰደ ሁሉ ኢንቨስተር ይባል ነበር። አንድ ቀን ቀበሌው ስብሰባ ጠራን፤ ጉብታውን ኢንቨስተር ወስዶታል፣ የአካባቢው ወጣት ሥራ ያገኛል አለን። እኛ ፋብሪካ ጠበቅን። የመጡት ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ሴት ናቸው። ፍኖተ ሰላም ተወልደው ብዙ ዘመን በሌላ አገር በነርስነት የሠሩ ናቸው ተባለ። በጉብታው ላይ ክብ ክብ የሣር ቤቶች ሠሩ፤ መካከል ላይ አንድ ወንበር የሌለበት ትልቅ አዳራሽ አቆሙ። የቀበሌው ሊቀመንበር በሚቀጥለው ስብሰባ ሲያስረዳን ላብ አጠመቀው።

«ምንድን ነው የሚያመርቱት?» አለች ጎረቤቴ።

«ጥሞና ነው።»

«ኩንታሉ ስንት ይወጣል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ራሳቸው ተነሥተው፣ ሳይቆጡ፣ ሰዎች ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር እንደሚመጡ፣ ጥቂት ቀን ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እንደሚጠብቁ ነገሩን።

«ትንፋሽ ይጠበቃል እንዴ? ከብት ነው?» አለች ጎረቤቴ ደግሞ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ስም «የዝም ባዮች ግቢ» ሆኖ ቀረ።

እኔ መጀመሪያ የተገናኘኋቸው በበርበሬ ነው። በርበሬዬን ምጣድ ላይ ሳምስ ነፋሱ ወደ ጉብታው አዞረው። ትንሽ ቆይቶ ከአዳራሹ የሳል ድምፅ ተነሣ፤ ዝም ባዮቹ እየተንፈራፈሩ ወጡ፤ አንዱ ፈረንጅ ዓይኑን በነጠላ ይጠርጋል። ሴትዮዋ ወደ አጥሬ ሲመጡ ሳይ «አሁን ቀበሌ መከሰሴ ነው» አልሁ። እሳቸው ግን እንባቸው እየወረደ፣ «እታለም፣ በርበሬሽ ጥሩ ነው። የምታምሺበትን ቀን ብቻ አስቀድመሽ ብትልኪብኝ እኔ ሰዎቼን በወዲያ በኩል አስቀምጣለሁ» አሉኝ። ሥራሽን ተይ አላሉኝም። ይህን ወደድሁላቸው። መልእክቱን እንድታደርስም ልጄን ላክኋት።

ልጄ ያን ጊዜ በሐዘን ላይ ነበረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ውሃ ስትቀዳ ትዘፍናለች፣ ጤፍ ስትለቅም ታወራለች፣ ሰው ካጣች ከዶሮዎቹ ጋር ትከራከራለች። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ አለመሆኑን ከሰማች በኋላ ግን ድምፅዋ ከቤቱ ጠፋ። ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ የሹሩባዋን ጫፍ እያፍተለተለች ትውላለች። እናት ምን እንደምትፈራ እናት ታውቃለች። በእርሻው ላይ የምንረጨውን የተባይ መድኃኒት ከጓዳ አውጥቼ ወንድሜ ቤት አስቀመጥሁት፤ ባለቤቴ «ምነው?» ሲለኝ «አይጥ ይደፋዋል» አልሁት። እሱም ዓይኔን አይቶ ሌላ አልጠየቀኝም።

መልእክት አድርሺ ብዬ የላክኋት ልጅ ሥራ ይዛ ተመለሰች። አዳራሹን ልትጠርግ፣ አንሶላ ልታጥብ፣ ወጥ ቤቱን ልታግዝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ዘፈኗን ሰማሁ። ያን ጊዜ የያዝሁትን እንስራ አስቀምጬ ሥላሴን አመሰገንሁ። ዘፈኗ በነፋሱ እየመጣ «አለች፣ አለች» ይለኛል፤ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ እግሬን እያጠበችልኝ፣

«እምየ፣ ከጥምቀት በኋላ እንግዶች ይመጣሉ። እኔም አብሬያቸው ልቀመጥ» አለች።

«ማን ከለከለሽ? ቤትሽ ቁጭ በይ።»

«እንደነሱ ነው። ሳልናገር። እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ነው የማድር።»

«አንቺ? ሳትናገሪ?»

ባለቤቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ዶሮዎቹ ያርፋሉ» አለ።

እኔ አልሳቅሁም። ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። አባ አገጫቸውን ደግፈው ሰሙኝና፣ «ዝምታስ በእኛም አለ፤ በገዳም አርምሞ ይባላል። ያለ መስቀል የሚደረገውን ግን አላውቀውም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልረግምም» አሉ። «ከለከልሻት እንደሆነ ተመልሳ ግድግዳው ሥር መቀመጧ ነው። ፍቀጅላት። ማተቧን ግን እንዳትበጥስ ምከሪያት።» መከርኋት። ማተቧን በእጄ ነክቼ፣ ቋጠሮውን አጥብቄ ሰደድኋት።

የጉብታው ድምፅ ጠፋ። ዘፈን የለ፣ የባልዲ ኳኳታ የለ። ዝምታው የሷ ምርጫ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን አያውቅም። ሌሊት እየተነሣሁ በር ላይ እቆማለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አላስችል ብሎኝ ትኩስ ዳቦ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ በሩ ሄድሁ። የባለቤቴ አጎት ልጅ ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኒህ ሰው በሕይወታቸው ውሸት ተናግረው የማያውቁ ናቸው፤ የግቢው ባለቤት ደግሞ «ደህና ናቸው ከማለት በቀር ከውስጥ ወደ ውጭ ወሬ እንዳያወጡ» ብለው አዘዋቸዋል። ይህን ትእዛዝ እኔ አልሰማሁም።

«አያ፣ ልጄን ይጥሩልኝ» አልኋቸው።

«ደህና ናት።»

«ደህና መሆኗን አልጠየቅሁም። ይጥሩልኝ ነው ያልሁ።»

«አሁን አትገኝም። ግን ደህና ናት» አሉና መሬት መሬት አዩ። «አንቺ ይልቅ ቤትሽ ግቢ። ውሃ ነገር ጠጪ።»

ዳቦውን እጃቸው ላይ ጥዬ ዞርሁ። በእኛ አገር ሞት ፊት ለፊት አይነገርም። የሞተው ሰው በወሬ መጀመሪያ ደህና ነው፤ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል፤ ከዚያ ጠንቶበታል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ በር ላይ ሲቆም ነው መርዶው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ መሬት መሬት እያየ «ደህና ነው» ይላል። አባቴ የሞተ ጊዜም እንዲህ ብለውኛል። ውሃ ጠጪም ብለውኛል።

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ለግቢው ወጥ ቤት እንቁላል ሸጣ ስትመለስ አገኘኋት። ፊቷ ተለውጧል። ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ያዝኋት።

«ድንኳን ተክለዋል» አለች።

«ሌላስ?»

«ሰዉ ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሶ መሬት ላይ ነው። የሚያወራ የለም።»

«ሌላስ በይ!»

«ንፍሮ... በትልቁ ድስት ንፍሮ እየተቀቀለ ነው፣ እታለሜ።»

ድንኳን፣ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ንፍሮ። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አይቶ ሌላ ነገር የሚያስብ የጎጃም ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ድንኳኑ ክፍል ለጠበባቸው እንግዶች፣ ንፍሮው የዘወትር ቁርሳቸው መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ለእኔ ልጄ ሞታ፣ መርዶው እኔ ዘንድ ለመድረስ መንገድ ላይ ነበር። ባለቤቴ ከእርሻ ተጠርቶ መጣ። ጋቢውን ተከናነበ። ዕድሩ ተጠራ። ሴቶቹ የየቤታቸውን እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድፎ እዝን ብለው በሌማት አደረጉ፤ ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ አይገባምና። ጨርቅ ነጋዴዋ ወዳጄ ወሬው ገበያው መካከል ደርሷት ጨርቋን ለሌላ አደራ ብላ ሮጠች። «እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ» አለችኝና ክንዴን ያዘች። አባም መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙን።

በሩ ላይ የባለቤቴ አጎት ልጅ ሰልፋችንን ሲያዩ እሳቸውም ደነገጡ። «ማን ነው የሞተው?» አሉ። ጎረቤቴ «አሁን ደግሞ ይጠይቁናል!» ብላ አልፋቸው ገባች፤ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላችን ተከተሉ። በኋላ ሲነግሩን፣ «ከውስጥ አንድ ሰው ሞቶ ለእኔ ብቻ ያልተነገረኝ ነው የመሰለኝ» አሉ።

ወደ አዳራሹ ገባን። እውነትም ሰዉ በሙሉ መሬት ላይ ነው፣ እውነትም አቀርቅሯል። ጎረቤቴ ያንን ድምፅዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ ደረቴን እየመታሁ «ልጄን! ኧረ ልጄን!» አልሁ። ዝም ባዮቹ ራሳቸውን ቀና አደረጉ፤ ግን አንድም አልተናገረም፤ አንዷ እንግዳ አብራን ማልቀስ ጀመረች። ይህም ለቅሶ ቤት መሆኑን አጸናልን።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ሥር፣ ከተቀመጡት መካከል፣ ማተብ አየሁ። ቋጠሮውን አወቅሁት፤ የኔ ቋጠሮ ነው። ዓይኔን ከማተቡ ወደ ላይ አነሣሁ።

«እምየ፣ አለሁ» አለች ልጄ።

የዚያን ቃል ያህል የጎላ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ተንደርድሬ ያዝኋት። ዳበስኋት፤ ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን። የግቢው ባለቤት በመካከላችን ተንበረከኩና በሹክሹክታ፣ «እታለም፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉኝ።

የልጄን እጅ እንደያዝሁ «ልጄ» አልኋቸው።

ጎረቤቴ ለቅሶዋን ቆረጠች። «የሞተችው ይቺ ናት? እኔ ጉሮሮዬን የጨረስሁት በከንቱ ነዋ! በይ ድምፄን መልሺ!» አለቻት። ከዝም ባዮቹ አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ባለቤቴ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ፤ የሚያለቅሰው አሁን ነበር።

ነገሩን ከአባ፣ ከበር ጠባቂው ከአያና ከኔ ሰምተው ሲረዱት የግቢው ባለቤት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሳቁ ይሁን አዘኑ አልገባኝም። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው በቀስታ፣ «የተናገረ ሰው ይህን ዙር ይወጣል። ደንቡ ለሁሉም ነው። ሌላ ጊዜ ትመለሻለሽ» አሏት። ልጄ አንገቷን ደፋችና ምንጣፏን ልትጠቀልል ተነሣች።

እኔ የፈለግሁት ይህን ነበር። እጇን ይዤ ቤቴ መግባት ነበር። ነገር ግን ፊቷን አየሁት። ግድግዳ ሥር የነበረው ፊት አልነበረም፤ አንድ ነገር ይዛ እየሠራች ሳለ ሰው የነጠቃት ሰው ፊት ነበር። የልጄን ሐዘን ሁለቱንም ዓይነት አውቃለሁ፤ ይህኛው የሚሻል ነው።

«እትዬ» አልኋቸው፣ «ልጅቱ አላወራችም። የጮህሁት እኔ ነኝ። እናቷ ስትጣራ የማትመልስ ልጅ ከሆነ የምታስተምሩ አሁኑኑ ይዣት እሄዳለሁ። የምትመልስ ልጅ ከሆነ የምትፈልጉ ግን ይቺውና፤ ትቀመጥ።»

አባም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በገዳምም ቢሆን አበምኔት ሲጠራው የማይመልስ መናኝ አላየሁም» አሉ።

ሴትዮዋ የልጄን ምንጣፍ መልሰው ዘረጉት። «እሺ» አሉ። «ትቀመጥ። ግን እናንተም ያመጣችሁትን ይዛችሁ አትመለሱ።»

እዝን ይዞ መመለስ ነውር መሆኑን ረስተውታል ብዬ ነበር፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸውና አልረሱም። ሌማቱ ተከፈተ። ሁላችንም መሬት ላይ ተቀመጥን፣ እንደ ደንባቸው ሳንናገር በላን። ሥጋ ስላልነበረበት ጨርቅ ነጋዴዋ ወዳጄም ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ቢስሚላህ አለችና አብራን ቆረሰች። ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ለምግብ ብቻ ከፈተች፤ ዓይኗ ግን እንደ ወፍ ይዞር ነበር፤ የምታየውን ሁሉ ለነገ እያስቀመጠች ነው።

እኔ ከልጄ አጠገብ ነበርሁ። ንፋሱ ሣሩን ሲነካው ይሰማል፣ የሰው ማኘክ ይሰማል፣ የልጄ ትንፋሽ ይሰማል። አራስ ሳለች ሌሊት እየተነሣሁ እጄን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿ መኖሩን አየው ነበር። ሁሉንም ልጆቼን እንዲሁ ነው ያሳደግሁ። ጎረቤቴ ትንፋሽ ይጠበቃል እንዴ ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ መሳቄ ትዝ አለኝ። ይህንንማ ስሠራው ነው የኖርሁ፤ እነዚህ ሰዎች የኔን ሥራ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ነው የሚማሩት። ከዚያ ወዲያ ልጄ ወደ ጉብታው ስትወጣ ሌሊት ተነሥቼ በር ላይ አልቆምሁም።

የዚያ ዓመትና የሚቀጥሉት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። እንግዶች ዝምታቸውን በጨረሱ ቁጥር የዕድሩ ሴቶች ሌማት ይዘን እንወጣለን፤ ሴትዮዋ «አልቃሾቼ መጡ» ይሉናል። ልጄ አዲስ የሚመጡትን ማስቀመጥ፣ ማስተማር ጀመረች። ቤት ስትመጣ ግን ያው ናት፤ ከዶሮዎቹ ጋር ትከራከራለች።

ኋላ ሴትዮዋ ጉልበታቸውን አመማቸው፣ የመሬቱም ውል አለቀ፤ የዝም ባዮቹ ማኅበር በወለጋ በኩል ደን ውስጥ ወዳለ ሌላ ቦታ ሊሄድ ሆነ። ልጄ ልሂድ አለች። ባለቤቴ ወደኔ አየ። እኔ «ሂጂ» አልሁ። እስከ ቡሬ ሸኘኋት። ወደ ነቀምቴ በሚሄደው መኪና መስኮት አጠገብ ቆሜ ማተቧን እንደ ድሮው አጠበቅሁላት።

«እምየ፣ አትጨነቂ» አለች።

«እኔና ጭንቀት አብረን ነው ያደግን፤ አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«ዝም ብዬማ ነው የምሄደው!» ብላ ሳቀች። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

በየበዓሉ በባለቤቴ ስልክ ትደውል ነበር። በመጨረሻ የደወለች ጊዜ ረጅም ዝምታ ልትገባ መሆኑን፣ በዚያ ስልክ እንደሌለ፣ ሲያልቅ እንደምትደውል ነገረችኝ። ከዚያ ባለቤቴ ስልኩን ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ጣለው፤ ቁጥሯም ከስልኩ ጋር ሄደ። ብትደውል የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ወይም ማንም አይደለም። ማኅበሩም ከነበረበት ተነሥቷል ይላሉ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ዝምታው ያልቃል ያለችው ጊዜ አልፏል።

አሁን ሰው ሲያየኝ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቴ እንኳ፣ ያቺ አፈኛ፣ ባለፈው «እታለሜ፣ ቁርጥሽን አውቀሽ ድንኳን ብንተክል አይሻልም?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ አልቅሰንላት በከንቱ ጉሮሮሽን ጨርሰሻል» አልኋት። «ሁለተኛ ለቅሶ አታገኚም።»

ልጄ በሕይወት እንዳለች አምናለሁ። ዝም ማለቷን ሞት ነው ብዬ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ደግሜ አልሳሳትም። እንዲሁ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ እችልበታለሁ።

ብቻ በቡሬና በነቀምቴ መንገድ የምትመላለሱ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ማኅበር የምታውቁ ካላችሁ እለምናችኋለሁ። ቀይ ዳማ ናት፣ ስትሠራ ትዘፍናለች፣ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ጥቁር ማተብ አለ። ያያችኋት እንደሆነ የአባቷ ስልክ መጥፋቱን ንገሯት። ለእኔም የምታውቁትን በማንኩሳ ገበያ በሚመጣ ሰው ላኩልኝ። መሬት መሬት እያያችሁ «ደህና ናት» አትበሉኝ። ያለችበትን፣ እንዳለችበት ንገሩኝ።